«ላ ባምባ» ለምን አያረጅም? የሰርግ ዘፈንና በየዘመኑ እንደገና የሚጫወቱት ሰዎች

የጣና ጊታር (ባሕር ዳር)፦

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባንድ ይዘን በሰርግ አዳራሽ የምንጫወት ሰዎች በተደጋጋሚ የምናየው ነገር አለ። ድግሱ ከተጋመሰ በኋላ «እስቲ ከውጭ አንድ አሰሙን» የሚል እንግዳ ሲነሣ፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ ከሚጠራቸው ጥቂት ዘፈኖች አንዱ «ላ ባምባ» ነው። በአዳራሹ ውስጥ ስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዘፈኑን መጀመሪያ ማን እንደ ተጫወተው የሚያውቅም እምብዛም አይገኝም። የመጀመሪያው የጊታር መንደርደሪያ ሲሰማ ግን ወንበር ላይ የሚቀር ሰው ያንሳል። ለዚህ መድረክ አባላት ላቀርበው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው፤ አንድ የጭፈራ ዘፈን ከአገሩ ወጥቶ፣ ከዘፋኙም ሞት አልፎ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ እየታደሰ የሚኖረው ምን ይዞ ነው?

ታሪኩን ለማያውቁ በአጭሩ ላስቀምጥ፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዘፈኑ በሜክሲኮ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከሚገኘው ከቬራክሩዝ ግዛት የመጣ፣ ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዘፈን ነው። ሶን ሃሮቾ የሚባለው የዚያ አካባቢ ሙዚቃ የስፔን፣ የነባር ሕዝቦችና በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ቅርስ የተዋሐደበት ሲሆን፣ የሚጫወቱት ሃራና በሚሉት ትንሽ የክር መሣሪያና በሃርፕ ነው፤ ጨፋሪዎቹም ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ጫማቸውን እያንኳኩ ምቱን ያግዛሉ። በሰርግ ጊዜ ጥንዶቹ መሬት ላይ የተዘረጋውን ረጅም ሪባን በእጃቸው ሳይነኩ፣ እየጨፈሩ በእግራቸው ብቻ ይቋጥሩታል።

በ1958 ሪቺ ቫሌንስ የተባለ የካሊፎርኒያ ልጅ ይህን ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ተጫወተው። በትውልዱ ሜክሲኳዊ ቢሆንም አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ዘፈኑ ግን ቀጠለ። ትሪኒ ሎፔዝ የተባለ ዘፋኝ በ1963 በምሽት ክበብ መድረክ ላይ ተጫወተው፤ በ1987 ደግሞ የቫሌንስን ሕይወት ለሚተርክ ፊልም ሎስ ሎቦስ የተባለው የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ባንድ እንደገና ሠራው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስፓኒሽ የተዘፈነው ይህ ቅጂ በአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። በቬራክሩዝ ዘፈኑ የተወሰነ ግጥም የለውም፤ አዝማቹ ይጸናል፣ በአዝማቹ መካከል የሚገቡት ስንኞች ግን በዘፋኙ ምርጫ ይለዋወጣሉ፣ አንዳንዴም እዚያው ይፈጠራሉ። ይህ የእኛውን «አናስገባም ሰርገኛ»ን ይመስለኛል። ዘፈን የሚቆየው ለሚመጣው ዘፋኝ ክፍት ቦታ ሲተውለት ነው እላለሁ። እናንተስ?

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)፦

ወንድሜ፣ ታሪኩን በሚገባ አስቀምጠኸዋል፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበለውም። «ላ ባምባ»ን ያቆየው የሆሊውድ ፊልምና የሸክላ ኩባንያዎች ገንዘብ ነው። በቬራክሩዝ ከዚህ ዘፈን ጋር አብረው የሚዘፈኑ ሌሎች በርካታ የሶን ሃሮቾ ዘፈኖች አሉ፤ እነሱም ክፍት ስንኝ አላቸው፤ ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ግን የሚጠራቸው የለም። ልዩነቱ አንዱ በአሜሪካ ተቀርጾ፣ በሬዲዮ ተሰራጭቶ፣ ኋላም በፊልም ርእስነት መመረጡ ነው። በሜክሲኮ ውስጥም ቢሆን የቬራክሩዝ ተወላጅ የነበረው ሚጌል አሌማን በ1946 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የቅስቀሳ ዜማው አድርጎታል፤ ከክልል ዘፈንነት ወደ ብሔራዊ ዘፈንነት እንዲያድግ ይህ ያደረገው አስተዋፅኦ ቀላል አይደለም። ሥልጣንና ገንዘብ ያነሡትን ዘፈን «በራሱ ጸጋ ኖረ» ማለት ለእኔ የዋህነት ይመስለኛል።

የጣና ጊታር (ባሕር ዳር)፦

መምህር፣ ስለ ገንዘቡ የተናገሩት እውነት ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ያስቡልኝ። «ላ ባምባ» በ1958 ሲታተም የሸክላው ዋና ገጽ አልነበረም። ኩባንያው የተማመነው በፊተኛው ገጽ ላይ ባለው «ዶና» በተባለው የፍቅር ዘፈን ሲሆን፣ እርሱም በአሜሪካ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል፤ በጀርባው የነበረው «ላ ባምባ» ያገኘው 22ኛን ነው። ዘፋኙ አንድ፣ ኩባንያው አንድ፣ ሸክላው አንድ፤ ገንዘቡም ያዘነበለው ወደ «ዶና» ነበር። ዛሬ በየአገሩ ባንዱ ሁሉ እየደጋገመ የሚጫወተው ግን የጀርባውን ነው። ፊልም ሠሪዎቹም ለሥራቸው ርእስ ሲፈልጉ የመረጡት ይህንኑ ነው፤ ቀድሞ በሕዝብ ዘንድ ሕይወት ባይኖረው ለምን ይመርጡታል?

የዋሸራ ልጅ (ሞጣ)፦

እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፤ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ስለ ቆየሁ ግን ነገሩን በዚያ በኩል አየዋለሁ፤ ጎጃም ላይ ሆኖ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የቅኔ ትምህርት ቦታዎቹ ዋሸራና ጎንጅ ሳይነሡ መቅረት የለባቸውም።

በቅኔ ትምህርት ጀማሪው መጀመሪያ የሚለማመደው ጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ያለው፣ ዜማውና ልኩ የታወቀ አጭር ቅኔ ነው፤ ከእሱ በኋላ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይመጣል፣ እንዲህ እያለ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ልኩ ከዘመናት በፊት የተሠራ ነው፤ ማንም ተማሪ «አራት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና አመጣሁ» ቢል አይሰማም። ነገር ግን በዚያው ልክ ውስጥ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም መፍጠር፣ ግዴታው ነው፤ ትናንት የነገረውን ዛሬ ደግሞ ቢነግር ወይም የጓደኛውን ቢያቀርብ ነውር ነው። በዚህ ምክንያት ጉባኤ ቃና እስከ ዛሬ አላረጀም፤ ምክንያቱም ሁሌም የዛሬ ነው። እኔ እንደማየው የቬራክሩዙ ሰው የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዜማውንና አዝማቹን አይነካም፣ ስንኙን ግን ለዕለቱ ሙሽራ ይቆጥርለታል።

መምህር ያነሡት ነጥብ የሚመልሰው ዘፈኑ እንዴት እንደ ታወቀ ነው፤ የተጠየቀው ግን ከታወቀ በኋላ ለምን እንዳልተሰለቸ ይመስለኛል። ማስታወቂያ አንድን ዘፈን ለአንድ ዘመን ያስጮኸዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ትውልድ እየተቀባበለ እንዲጫወተው ማድረግ ግን ለማስታወቂያ የሚከብደው ይመስለኛል።

ባለማሲንቆው (ቢቸና)፦

ጋሼ የዋሸራ ልጅ የተናገሩት ልቤን ነካው፤ እኔ በዚህ ሙያ እንጀራዬን የምበላ ስለሆነ ከሰርግ ቤት ያየሁትን ልጨምር።

አዝማሪ ዳስ ውስጥ ሲገባ ይዞት የሚገባው ዜማና ምት ነው፤ ግጥሙ ግማሹ ከእንግዳው ነው የሚመጣው። አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይነግረኛል፣ እኔም ተቀብዬ በማሲንቆው እመልስለታለሁ። ስሙ የተጠራው ሰው ይሸልማል፣ ያልተጠራው ደግሞ ስሙ እንዲገባለት ያስነግራል። ስለዚህ አንድ ዜማ በሁለት ሰርግ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። «አናስገባም ሰርገኛ»ም እንደዚሁ ነው፤ የሙሽራው ወገን በር ላይ ሲደርስ የሙሽሪት ዘመዶች ከበሮ ይዘው መንገዱን ይዘጋሉ፣ አዝማቹን ሁሉም ያውቀዋል፤ የዘፈኑ ቅመም ግን አውራጇ ሴት እዚያው እያየች የምትፈጥረው ነው። የሚዜውን ጫማ፣ የአባትየውን ኩራት፣ ዘግይተው መምጣታቸውን፣ ሁሉንም ታነሣዋለች። አምና አንዲት እናት እንዲህ ስትል ሰምቼ ከበሮው እስኪቋረጥ ሳቅን፤

ሚዜው ተኮፍሷል ከበራችን ቆሞ፣
ሽቶው ገብቷል አሉ ከሱ አስቀድሞ።

አሁን አሁን ግን ዲጄ በር ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አቁሞ የተቀረጸውን «አናስገባም» ይከፍተዋል። ቅጂው ጥሩ ነው፤ የታወቁ ድምፃውያን በባንድ አሳምረው ሠርተውታል። ሆኖም ሴቶቹ የተቀረጸው ግጥም ውስጥ የሚገቡበት ቀዳዳ ስለማያገኙ፣ ጥቂት ያጨበጭቡና ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ይጀምራሉ። አዳራሹ በድምፅ ይሞላል፤ ሚዜውን ግን የሚነካው አይኖርም። እኔ በዚህ ቅሬታ አለኝ፤ ቅሬታዬም ሥራዬን ከመፍራት ብቻ የመጣ አይደለም።

ኪቦርዱ (ፍኖተ ሰላም)፦

እስካሁን የተነጋገርነው ሁሉ ስለ ግጥም ነው፤ እኔ ስለ ሙዚቃው ልናገር፤ ሌላው ዓለም ይህን ዘፈን የሚወስደው በግጥሙ አይመስለኝምና።

«ላ ባምባ» የቆመው በሦስት ኮርድ (አብረው በሚመቱ ድምፆች) ነው። በሲ ብንጀምር ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ነው፤ ከዚያ እንደገና ሲ። ሥራው ያለው ጂ ላይ ነው፤ ዙሩ የሚያልቀው በማረፊያው ኮርድ ላይ ስላልሆነ ጆሮ «ገና ነው» ይላል፣ ስለዚህም ዙሩን ለመድገም ይገደዳል። ጨፋሪው የሚያቆምበት ቦታ አያገኝም፤ ተጫዋቹም ሲፈልግ ሦስት ደቂቃ፣ ሲፈልግ ሃያ ደቂቃ ሊያስኬደው ይችላል። ቢትልስ በ1963 የተጫወቱትና እሱም ራሱ ከቨር፣ ማለትም የሌሎችን ዘፈን እንደገና መጫወት የሆነው «ትዊስት ኤንድ ሻውት» በዚሁ የኮርድ ዙር ላይ የተሠራ ነው። አንድ ጀማሪ ጊታር ተጫዋች በአንድ ከሰዓት የሚይዘው፣ ጎበዙ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚራቀቅበት ዘፈን ማንም ባንድ ከዝርዝሩ አያወጣውም።

በእኛ ቅኝት ልጫወተው ብዬ ግን ሞክሬ አልወደድኩትም። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ የዘፈኑ ኮርዶች የሚፈልጓቸው ኤፍና ቢ በውስጡ የሉም። ሁለቱን ብታወጣቸው የሚገፋው ጉልበት አብሮ ይወጣል፤ ብታስገባቸው ደግሞ ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ከበሮውን ወደ ጭክጭካ ስቀይረው ጨፋሪዎቹ ትከሻ ይስበሩ ወይስ እግር ያንሡ እስኪጠፋቸው ድረስ ተደናገሩ። ከቨር ማለት ሁሉን ነገር ወደ ራስ መጠምዘዝ አይደለም፤ ይህ ዘፈን ለእስክስታ አልተሠራም፣ እስክስታም የሚጎድለው ዘፈን የለም። አሁን እንዳለ ነው የምጫወተው፤ የምጨምረው በመካከሉ የኪቦርዱን የማሲንቆ ድምፅ አድርጌ አንድ ሶሎ ብቻ ነው።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)፦

ኪቦርዱ የተናገረው የእኔን ጥርጣሬ አጠናክሮልኛል። እስቲ አስቡት፤ በቬራክሩዝ ስንኙ ይለዋወጣል እንበል፤ ከቬራክሩዝ ውጭ ያለው ዓለም ግን የሚደግመው ቫሌንስ የዘፈናቸውን ያንኑ ጥቂት ስንኞች ነው፤ ለመጨፈር ጥቂት ለዛ ያስፈልጋል፣ እኔ መርከበኛ አይደለሁም ካፒቴን ነኝ የሚሉትን። ወደ ሰማይ ለመውጣት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ መሰላል ያስፈልጋል የሚለው በቬራክሩዝ የታወቀ ስንኝ እንኳ በቫሌንስ ቅጂ ስለሌለ ብዙዎች አያውቁትም። እንግዲህ በዓለም ላይ የኖረው ክፍት ቦታው ሳይሆን የተዘጋው ቅጂ ነው። የቅኔ ቤቱ ምሳሌ ያማረ ቢሆንም ይህን አያስረዳም።

ከራሳችን ደግሞ ጭራሽ ግጥም የሌለውን ተመልከቱ። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» በተባለው አልበም ላይ ያወጣው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሙዚቃው በሰዓት እላፊ ዘመን ሲፈጠር በኒው ዮርኩ ብሩክሊን ውስጥ የሚያውቀው አልነበረም፤ በ1998 ግን ዳክታሪስ በሚል ስም የናይጄሪያ ባንድ መስለው የቀረቡ የብሩክሊን ሙዚቀኞች ተጫወቱት፣ በ2000 ደግሞ ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን ባንድ በጃዝ ሠራው፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ የነፋስ መሣሪያ ባንዶች እየተቀባበሉት ነው። ስንኝ የለው፣ ስም የሚገባበት የለው። ታዲያ ያኖረው ምንድን ነው?

የዋሸራ ልጅ (ሞጣ)፦

መምህር፣ ጥሩ ጠየቁ። እኔ ክፍት ቦታ ስል ቃል ብቻ ማለቴ አይደለም። ዳስ ውስጥ የሚታወቀው ሰውዬው ነው፤ ስለዚህ ክፍቱ ስንኝ ነው። ብሩክሊን ላይ ቃሉን የሚሰማ ስለሌለ ክፍቱ መሣሪያው ነው፤ ቫሌንስ ሃራናውን በኤሌክትሪክ ጊታር ለወጠ፣ የቦስተኖቹም የዋልያስን ኦርጋን ወደ ጃዝ ወሰዱት። የሚጸናና የሚለወጥ ሁለቱም መኖር አለባቸው፤ የትኛው እንደሚጸና ግን አገሩ ይወስነዋል። ቫሌንስ ባይለውጠው ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ዘፈን ደብረ ማርቆስና ሞጣ ላይ ሆነን ባልተከራከርንም ነበር።

ሕግ አዋቂ (ባሕር ዳር)፦

በጨዋታው መካከል ስለ ገባሁ ይቅርታ፤ ሆኖም ብዙ ወጣት ባንዶች ስለሚጠይቁኝ በአጭሩ ላንሣው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 (እነዚህ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ «አናስገባም ሰርገኛ»ን ከእናታችሁ እንደ ሰማችሁት አድርጋችሁ ብትሠሩ የሚከሳችሁ ደራሲ የለም፤ ከአንድ ድምፃዊ ቅጂ ላይ ቆርጣችሁ ወስዳችሁ ዩቲዩብ ላይ ብትጭኑ ግን የከዋኙንና የአሳታሚውን መብት ነክታችኋል። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የመሰለ የታወቀ ደራሲ ያለውን ሥራ ለንግድ እንደገና ለመሥራትም ፈቃድ ያስፈልጋል። የሕዝብ ዘፈን በከቨር የሚባዛበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ አምናለሁ፤ ነፃ ነውና።

የጥር ሙሽራ እኅት (ዳንግላ)፦

ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ወንድሜን ዘንድሮ በጥር ስለምንድር ጉዳዩ ለእኔ የንድፈ ሐሳብ አይደለም። እናቶቻችን ድሮ ዳስ በር ላይ ይዘፍኑት የነበረውን እኛ አሁን ሆቴል አዳራሽ በር ላይ፣ በመስታወት በር ፊት እንዘፍነዋለን፤ ዘበኛው በሩን ሊከፍት ሲል «አትክፈት!» ብለን ስንጮህበት ግራ ይጋባል። የአክስቶቼ ልጆች ከአዲስ አበባ መጥተው ግጥሙን አያውቁትም፣ አዝማቹን ግን በአንድ ዙር ይይዙትና ከሁላችን በላይ ይጮኻሉ። ባለማሲንቆው ስለ ዲጄው የተናገሩት እውነት ነው፤ ሆኖም ለፍትሕ ያህል ልንገራችሁ፣ አውራጅ የምትሆን ሴት የጠፋችበት ሰርግ አለ፤ እንዲያ ሲሆን ቅጂው ባይኖር ዘፈኑ ጭራሽ አይነሣም ነበር። እኔ ራሴ ግጥሙን የተማርኩት ከአያቴ ሳይሆን ከካሴት ነው።

የእኔ ጥያቄ ለባለሙያዎቹ ነው፤ በር ላይ ማሲንቆና ከበሮ፣ ውስጥ ደግሞ ባንድ ብናደርግ ሁለቱ ይስማማሉ ወይ? ሙሽራው «ላ ባምባ» ካልተጫወተ ብሎ አስቸግሮናል።

የጣና ጊታር (ባሕር ዳር)፦

እኅቴ፣ ይስማማሉ፤ ይህን ለማየት የሎስ ሎቦስን ቅጂ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ በቂ ነው። ብዙ ሰው ሬዲዮው ስለሚቆርጠው አይሰማውም እንጂ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ካበቃ በኋላ ዘፈኑ ወደ ሃገረ ሰቡ የክር መሣሪያዎች ይመለስና በቬራክሩዝ አጨዋወት ይጨርሳል። እነዚህ ሰዎች ከፊልሙ በፊት ለዓመታት የሜክሲኮን ባህላዊ ሙዚቃ በየሰርጉ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው፤ የቫሌንስን ቅጂ ሲሠሩ ከቫሌንስ በፊት የነበረውን ጭምር አስገቡበት። መምህር «የተዘጋው ቅጂ ነው የኖረው» ላሉት የምሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ ቅጂው ግጥሙን ዘግቶታል፣ ይሁን፤ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣው ባንድ መልሶ ከፈተው። የገንዘቡን ነገር ግን አልክድም፤ ሬዲዮ ባይኖር ያ ክፍቱ እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር።

ለሰርጉ የምመክረው ቅደም ተከተሉን ነው። በር ላይ ባንዱ ዝም ይበል። ሰርገኛው ገብቶ ሲቀመጥ ባንዱ የበሩን ዜማ ከሴቶቹ ተቀብሎ በዚያው ምት ይጀምር፤ ምቱን ከከበሮው ውሰዱ፣ ከሜትሮኖም (ከምት መቁጠሪያው መሣሪያ) አትውሰዱ። «ላ ባምባ» እራት ከተነሣ በኋላ ይሁን።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)፦

በሎስ ሎቦስ ማብቂያ ላይ ያነሣኸውን ሄጄ እሰማዋለሁ። እስከዚያው አቋሜን አልለቀኩም፤ ፊልሙ ባይኖር ማብቂያውን የሚሰማ አይኖርም ነበር።

ባለማሲንቆው (ቢቸና)፦

እኅቴ የዳንግላዋ፣ ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ከሆነ እመጣለሁ። የሙሽራውን አባት ስም፣ የሚዜዎቹን ስምና ሥራ፣ እንዲሁም ከመካከላቸው ቀልድ የማይወድ ካለ የእሱን ስም አስቀድመሽ ላኪልኝ። አውራጅ የምትሆን ሴት ከሌላችሁ ከቢቸና አንዲት እናት ይዤ መምጣት እችላለሁ፤ ለእሳቸው መጓጓዣና ማደሪያ ግን ይዘጋጅ። ዲጄውንም ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ሳሉ ቅጂ እንዳይከፍት ከአሁኑ ንገሪው።